ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት

በአገራችን ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ራሱን ሲያስተዋውቅ ከሚናገረው ሁሉ «ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነኝ» የምትለዋን ያህል የሚያበሽቀኝ ነገር የለም። ልጆቹ ሁለትም አምስትም ሊሆኑ ይችላሉ። ቁጥሩ ይለዋወጣል፣ አነጋገሩ ግን ያው ነው። ተናጋሪው ይህን ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል። ጉባኤው ያጨበጭባል። ለምን እንደሚጨበጨብ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ለትዳሩ ነው? ለልጆቹ ነው? ወይስ ማይኩን ስለ መለሰ?

ይህ ዓይነቱ ትውውቅ በሠርግም በስብሰባም አለ። በትንሽ መንፈሳዊ ኮሌጅ ግን ይብሳል።

ትንሽ ስል የምር ትንሽ ማለቴ ነው። መካኒሳ ያለው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተ፣ ስንቱን የቤተ ክርስቲያን መሪ ያወጣ ቤት ነው። አራት ኪሎ ያለውን የቅድስት ሥላሴን ኮሌጅ ንጉሥ ናቸው የመሠረቱት፤ ኋላም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ለመሆን በቅቶ ነበር። መሠረተ ክርስቶሶችም ቢሾፍቱ ላይ የራሳቸው ግቢ አላቸው። እኔ የተማርኩበት ግን የኪራይ ቪላ ነበር። ሳሎኑ የጸሎት አዳራሽ፣ ጋራዡ ቤተ መጻሕፍት፣ በረንዳው ሻይ ቤት፣ የሠራተኛዋ ክፍል ደግሞ ሬጅስትራር። ስሙን አልጠራም። መምህራኑ እግዚአብሔር ይመስገን ሁሉም በሕይወት አሉ፤ ሠርግና ለቅሶ ላይም ያገኙኛል።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ መስከረም ላይ አዲስ ገቢዎችን ሰብስበው «የትውውቅ ፕሮግራም» አዘጋጁልን። ዲኑ ማይኩን ይዘው «ጊዜ ስለሌለን በአጭር በአጭሩ» አሉ። «በአጭሩ» ከተባለ ምሳ እንደሚያልፍ የታወቀ ነው። መምህራኑ በየተራ እየተነሡ ስማቸውን፣ የሚያገለግሉበትን አጥቢያ፣ ጌታ ረድቷቸው የያዙትን ዲግሪ፣ በመጨረሻም ያችኑ አረፍተ ነገር ተናገሩ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ በደብተሩ ጠርዝ ላይ አንድ ነገር ይደምራል። ፕሮግራሙ ሲያልቅ አሳየኝ። የኮሌጃችን መምህራን በጠቅላላው ሠላሳ አንድ ልጆች አሏቸው። ስለ አባቶቹ ያወቅነው ይህንኑ ብቻ ነው።

ለየት ያሉት የምክር አገልግሎት መምህርታችን ነበሩ። ማይኩ ሲደርሳቸው ብድግ ብለው፣ «ስሜን ዲኑ ነግረዋችኋል። አላገባሁም፣ ልጅም የለኝም፣ ደህና ነኝ» አሉና ተቀመጡ። አዳራሹ ጸጥ አለ። እንዲህ ሲባል ይጨበጨባል ወይስ ይጸለያል? መጀመሪያ የሣቁት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ሁላችንም ተከተልን።

እኚህ ሴት የሚያስተምሩት ኮርስ «የቅድመ ጋብቻ ምክር» ይባላል። ቀስ በቀስ እንዳየነው፣ በየአጥቢያው ያሉ ባለትዳሮች ሲጣሉ የሚሮጡት ወደ ባለትዳሮቹ መምህራን ሳይሆን ወደ እሳቸው ነው። አንድ ቀን ምስጢሩን ጠየቅናቸው። «ምን ምስጢር አለው! እኔ እኮ ወገን የለኝም። ባልም አይደለሁ፣ ሚስትም አይደለሁ» አሉን።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ ድሮ መምህርና ተማሪ የሚተዋወቁት በማይክ አልነበረም። ይህን ያጫወቱን ግእዝ የሚያስተምሩን መሪጌታ ናቸው። እሳቸው የኦርቶዶክስ ሊቅ፣ ኮሌጁ የወንጌላውያን። ከኛው ወገን ግእዝ የሚያስተምር ቢፈለግ ቢፈለግ ስላልተገኘ ዲኑ ሄደው ለመኗቸው። እሳቸውም «ፊደል ምን ሃይማኖት አለው!» ብለው መጡ።

ችግሩ የሚመጡት ረቡዕና ዓርብ መሆኑ ላይ ነው። ወጥ ቤት የምትሠራዋ እትዬ «ሊቁን ሰው ከጥብስ አጠገብ አስቀምጬ አላስቀይምም» ብላ በሁለቱ ቀናት ከሽሮና ከምስር በቀር መሥራት ተወች። መንፈቅ ሳይሞላ ግቢው ውስጥ ያለ ጴንጤ ሁሉ ሳያስበው ረቡዕና ዓርብ ጿሚ ሆኖ ቁጭ አለ። የነገረ ድኅነት መምህራችን ስለ ጾም ጥቅም ጉሮሯቸው እስኪደርቅ አስተምረው ማንንም አላስጾሙም። እትዬ በአንድ ድስት ሽሮ አሳካችው።

መሪጌታ ግን ሽሮው ቢሠራላቸውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም። እኛ በስድስት ሰዓት ተኩል ድስቱን ስናራቁት እሳቸው በረንዳው ጥግ ዳዊታቸውን ይደግማሉ። አንድ ቀን ከመካከላችን ደፋር ነኝ ባዩ፣ «መሪጌታ፣ እኛም እኮ በርስዎ ምክንያት ጿሚዎች ሆንን» አላቸው። ቀና ብለው ሳህኑን አዩት። «ጥሩ ነው፣ ልጄ። ዘንድሮ ቅባቱን ተዋችሁ። ሰዓቱን ደግሞ ለከርሞ።»

መሪጌታ ስለ ትውውቁ ፕሮግራም ስንነግራቸው በጣም ገረማቸው። «እኛ የኔታን የምናውቃቸው ውሃ ስንቀዳላቸው ነው» አሉ። በሳቸው ዘመን ተማሪው ዋሸራ ወይም ጎንጅ ሄዶ ቅኔ ልቁጠር ሲል ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ በእግሩ ይሄዳል። የመምህሩ ዝና በሰው በሰው ደርሶት ነው እንጂ ማንም አላስተዋወቀውም። እዚያ ደርሶ ጎጆ ይቀልሳል፤ ቁራሽ ይለምናል፤ ለየኔታ እንጨት ይለቅማል። «የኔታ ሲያስሉ ብቻ ቅኔያችን ደስ እንዳላቸውና እንዳላላቸው እናውቅ ነበር» አሉን። «እሳቸውም የማን አኩፋዳ ባዶ እንደሆነ ያውቃሉ። ልጆች እንዳላቸው ግን ጠይቀናቸው አናውቅም። ልጆቹ እኛው ነበርና።»

አንድ ዓርብ ደግሞ ወፍራም መጽሐፍ በነጠላ ጠቅልለው መጡ። አውጥተው ተሳለሙት፤ እኛንም አሳለሙን። ወንጌላውያን መዝገበ ቃላት ሲሳለሙ ማየት የሚገርም ነው፣ ግን ሁላችንም ተሳለምን። «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ ሳይፈጽሙት አረፉ። ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደከሙበት፤ እሳቸውም መታተሙን ሳያዩ አለፉ። ከሳቸው እግር ሥር የነበሩት ደስታ ተክለ ወልድ ተረከቡና በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። መሪጌታ ሽፋኑን በእጃቸው እየዳበሱ «ይህ መጽሐፍ አይደለም፤ ሦስት ሰው ነው» አሉ።

ክፍሉ ተመስጦ ሳለ ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን አወጣ። «መሪጌታ፣ እንዲህ ከሆነ የዛሬውን አሳይመንት እኔም ለልጄ ላስተላልፈው እችላለሁ?»

«ልጅህ ካንተ የሚሻል ከመሰለህ ይሁን» አሉት።

የኛ ኮሌጅ ከጎጆውም ከማይኩም መካከል ያለ ነበር። ለመምህር ውሃ አንቀዳም። ነገር ግን ግቢው ከመጥበቡ የተነሣ መደበቂያ የለም። መጸዳጃ ቤቱ እንኳ አንድ ስለሆነ ከዲኑ ጋር በአንድ ሰልፍ ነው የምንቆመው፤ እዚያ ሰልፍ ላይ ደግሞ «ባለትዳርና የአራት ልጆች አባት ነኝ» ብሎ ቅድሚያ የሚያገኝ የለም። በዚያ ላይ እያንዳንዱ መምህር ሦስት አራት ሥራ ደራርቦ ይዟል። አንዱን ሥራውን ለብሶ ቢያመልጥህ በሌላው ትይዘዋለህ።

ሬጅስትራራችን የቤተ ክርስቲያን ታሪክም ያስተምራሉ። ማለዳ ስለ ኒቅያ፣ ስለ ቁስጥንጥንያና ስለ ኤፌሶን ጉባኤ አስተምረው የተወገዙትን ስም በከባድ ድምፅ ይቆጥራሉ። አርዮስ፣ መቅዶንዮስ፣ ንስጥሮስ። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ሌላ ወረቀት ከኪሳቸው ያወጡና፣ ድምፃቸውን ቅንጣት ሳይለውጡ፣ የወር ክፍያ ያልከፈሉትን ተማሪዎች ስም ይቀጥላሉ። ስምህ ከንስጥሮስ ቀጥሎ ሲጠራ የሚሰማህን እኔ ዐውቃለሁ።

እኚሁ ሰው ከ451 እ.ኤ.አ. አልፈው አያውቁም። የኬልቄዶን ጉባኤ ላይ ሲደርሱ ክፍሉ ይደፈርሳል። ከኛ እኩሌታው እናቱ ኦርቶዶክስ ናት። «እኛ ታዲያ ከየትኛው ወገን ነን?» ብሎ አንዱ ይጠይቃል፤ ሌላው ይመልሳል፤ ሦስተኛው ይቆጣል። መምህሩ ተስፋ ቆርጠው ወደ በረንዳው ወጥተው ለመሪጌታ አቤት ይላሉ። ከዚያ ሁለቱ ስለ ክርስቶስ ባሕርይና አካል ሲከራከሩ እኛ ከብበናቸው እንቆማለን። ያ ክርክር በሲላበሱ ላይ የለም፣ ለፈተናም አይመጣም፤ ከአራት ዓመት ትምህርት ግን እሱን ያህል ያስታወስኩት የለም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እትዬ የተከደነውን ሽሮ ታቀርባለች፤ ተከራካሪዎቹም ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ኬልቄዶን ለሚቀጥለው ሳምንት ያድራል። ሉተር ዘንድ ሳንደርስ ሰኔ ይገባል።

የስብከት ዘዴ መምህራችን ደግሞ ድምፃቸው ቆርቆሮ ያንቀጠቅጣል። እሑድ «ሃሌሉያ!» ሲሉ የጎረቤት ሕፃን ይነቃል። ክፍል ውስጥም ትእዛዛቸው አንድ ነው፦ «ድምፃችሁ ከሆዳችሁ ይውጣ!» ከሳቸው ጋር ታክሲ የተሳፈረ ሰው ግን ሌላ ሰው ያገኛል። መውረጃቸው ሲደርስ አንገታቸውን ደፍተው፣ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ «ወራጅ አለ» ይላሉ። ረዳቱ አይሰማም። ታክሲው ያልፋቸዋል። እንደገና፣ ይባስ ዝቅ አድርገው «ወራጅ…» ይላሉ። በመጨረሻ ከኋላ ወንበር እኛ ተማሪዎቹ ከሆዳችን «ወራጅ አለ!» ስንል ታክሲው ቀጥ ይላል። «ተባረኩ» ብለው ይወርዱና ያለፉትን መንገድ በእግራቸው ይመለሳሉ።

አንድ ቀን አላስችል ብሎን ምክንያቱን ጠየቅናቸው። ትንሽ አሰቡና «መድረክ ላይ የምጮህለት ነገር የኔ አይደለም። ወራጁ ግን እኔ ነኝ» አሉን። ስለ ትሕትና ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ። እንደዚህ አጭር የሆነ ግን አላጋጠመኝም፤ የሳቸው የራሳቸው የእሑድ ስብከት እንኳ ሦስት ነጥብ ይበቃል እያሉ ዘጠኝ ይደርሳል።

ስለ ሥነ ምግባር መምህራችን ባልናገር ይሻላል፤ ግን ጀመርኩት። ኮርሱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መማሪያ አለው። ዋናው መጽሐፍ አንድ ብቻ ሲሆን እሱም የመምህሩ ነው። በር ላይ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ለሁላችንም አባዝቶ፣ በፕላስቲክ ጠርዞ፣ ሽፋኑን ሰማያዊ አድርጎ ሰጠን። ስለ ስርቆት የሚናገረው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ገጾቹ የሉም። ማሽኑ ወረቀት ነክሶ ኖሮ ልጁ ዘሎታል። ሁላችንም መምህሩን አየን። መምህሩም መጽሐፋቸውን አዩ። ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም ሆነና ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አለፍን።

ከሚኒሶታ የሚመጡ አንድ ፈረንጅ መምህርም ነበሩን። ሚኒሶታ ሉተራኖች የበዙበት አገር ነው፤ የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ነገረ መለኮት የተማሩት እዚያው ሴንት ፖል ነው። እኚህ ሽማግሌ በዓመት አንዴ ብቅ ብለው ሁለት ሳምንት አስተምረውን ይመለሳሉ። በመጀመሪያው ቀን እጅጌያቸውን ጠቅልለው፣ «እባካችሁ በቤተሰብ ስሜ አትጥሩኝ፤ በራሴ ስም ብቻ ጥሩኝ» አሉን። ትልቅ ነገር እንደ ለቀቁልን ከፊታቸው ያስታውቃል። እኛ ተያየን። በአባታቸው ስም ሊጠራቸው ያሰበ ሰው አልነበረም። እኛ አገር የአባትን ስም የሚጠራ ፖሊስና ሬጅስትራር ነው።

ያስጨነቀን ማዕረጉ ነበር። ከፊቱ ምንም ሳይደረግበት የሽማግሌን ስም እርቃኑን መጥራት ከአፋችን አልወጣ አለ። «መምህር» ስንጨምርበት «ኖ፣ ኖ» ይላሉ። «ዶክተር» ስንልማ ጆሯቸውን ይይዛሉ። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ቢባልም ሰውዬው መደገፍ አልፈለጉም። በመጨረሻ አንዷ ልጅ «ጋሼ» አለቻቸው። ምን ማለት እንደሆነ ስናስረዳቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ወዲያ ከሚኒሶታ የሚልኩልን ኢሜይል መጨረሻ ላይ «የእናንተው ጋሼ» ብለው ይፈርማሉ። ራሱን ጋሼ ብሎ የሚጠራ ሰው በዓለም ላይ እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ማንም አላረማቸውም።

አሁን ወደ ማርኩ ጉዳይ ልምጣ። የነገረ ድኅነት መምህራችን ስለ ጸጋ ሲያስተምሩ መላእክት የሚያዳምጡ ይመስላል። የማይገባው ሰው እንዴት በነፃ እንደሚሰጠው፣ ያልሠራው እንዴት እንደሚቆጠርለት ሲተነትኑ ተስፋችን ይለመልማል። ፈተናው ሲመለስ ግን ወረቀቱ ደም ለብሶ ነው የሚመጣው። ለተረሳች ነጠላ ሰረዝ ግማሽ ማርክ ይቀንሳሉ። በአንጻሩ ሕግና ቅጣት ሲያስተምሩ የሚውሉት የኦሪት መምህራችን አሉ። ዘሌዋውያንን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ያውቃሉ፤ ማርክ ላይ ግን እጃቸው የተፈታ ነው። አንድ ልጅ ስሙን ብቻ ጽፎ ባዶ ወረቀት ቢያስረክባቸው፣ «የአያቱን ስም ሳይቀር አሟልቶ ጽፏል» ብለው አሳለፉት። ስለዚህ ነባር ተማሪ ለአዲስ ገቢ የሚሰጠው ምክር አንድ ነበር፦ «ጸጋ ከፈለግህ ኦሪት ተመዝገብ።»

የጸጋውን መምህር ስለዚህ ጉዳይ ብትጠይቃቸው መልሳቸው ዝግጁ ነው። «ጸጋ ርካሽ አይደለም» ይሉና ጀርመናዊውን ቄስ ዲትሪሕ ቦንሆፈርን ያመጣሉ። ቦንሆፈር ርካሽ ጸጋን የወቀሰበትን መጽሐፉን ያሳተመው በ1937 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያን ጊዜ ፊንከንቫልደ በሚባል ቦታ ለናዚ ያልተንበረከከችው ቤተ ክርስቲያን የከፈተችውን ትንሽ ሴሚናሪ ይመራ ነበር። መምህርና ተማሪ አብረው ይበሉ፣ አብረው ይጸልዩ፣ አብረው ይጫወቱ ነበር። በዚያው ዓመት ጌስታፖ ዘጋው። ስለ ቦንሆፈር ከሚተረኩት መካከል መምህራችን የሚወዱት አንዱን ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ሳህን የሚያጥብ ተማሪ ቢጠፋ ቦንሆፈር ምንም ሳይናገር ተነሥቶ ወጥ ቤት ገባ፤ በሩንም ከውስጥ ቆልፎ ብቻውን አጠበ ይባላል። መምህራችን ይህን ሲተርኩ ድምፃቸው ይርዳል። ተርከው ሲጨርሱ የጠጡበትን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ትተው ይወጣሉ። እትዬ መጥታ ታነሣዋለች።

ሳቅ ሳቁን አወራሁ እንጂ የግሪክኛ መምህራችን ነገር ሌላ ነው። ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። በትውውቁ ቀን ስማቸውን ተናግረው፣ «ባለትዳርና የአራት ልጆች አባት ነኝ» ብለው ቁጭ አሉ። ከዚያ በኋላ ከግስ እርባታ በቀር ብዙ ቃል አልሰማንባቸውም። አንድ ልማድ ግን ነበራቸው። በጠዋቱ ጸሎት ሁላችን ድምፃችንን ለቀን ስንዘምር የሳቸው ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ አይወጣም። አንዳንዱ መዝሙሩን አያውቁትም አለ። ሌላው ድምፃቸው አይረባም አለ። የስብከት ዘዴው መምህርማ «ከሆድ አልተለማመዱም» ብለው ፈረዱባቸው።

ለፋሲካ ማግስት የግሪክኛው መምህር ቤታቸው ጠሩን። ቤት ያፈራው ቀረበ፤ ቡና ተፈላ። ባለቤታቸው ቡናውን እየቆሉ ወሬውን ያቀብሉናል፤ መምህሩ ጋዜጣ ከልለው ተቀምጠዋል። በ1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ አዲስ ተጋቢዎች እንደነበሩ ነገሩን። አምልኮው በየቤቱ ሆነ። ሰዎች አንድ ላይ አይገቡም፤ አንዱ ገብቶ ሌላው ቆየት ብሎ ይከተላል። ጀበና እሳት ላይ ይጣዳል፤ ሰው ቢመጣ ቡና የሚጠጡ ጎረቤቶች ናቸው። መዝሙሩም ይዘመራል፣ ግን ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ከግድግዳው ወዲያ የቀበሌ ሰው አለ። ስለዚህ በከንፈር ብቻ። «ይኸው ዘመን ተቀይሮ እንኳ ድምፁ አልተመለሰለትም» አሉ ሴትዮዋ፣ ምጣዱን እያወዛወዙ።

«አጋነንሽው» አሉ መምህሩ ከጋዜጣው ጀርባ።

«ታሰረም እኮ» አሉ ሴትዮዋ።

«ጥቂት ጊዜ ነው።»

አንዳችን ጎላ አድርጎ፣ «መምህር፣ ታዲያ በትውውቁ ቀን ለምን አልነገሩንም?» አላቸው።

ጋዜጣውን ዝቅ አድርገው ከመነጽራቸው በላይ አዩን። «በአጭሩ ተባለ እኮ!»

ከዚያን ቀን ወዲህ «ባለትዳርና የአራት ልጆች አባት» ሲባል እንደ ድሮው አልበሽቅም፤ ወይም ስበሽቅ ትንሽ ጠንቀቅ እላለሁ። ሰውዬው ሌላ የሚናገረው አጥቶ ሳይሆን የሚናገረው በዝቶበት ሊሆን ይችላል። ለነገሩ፣ እንደኔ ቢሆን የትውውቅ ፕሮግራም ቀርቶ ተማሪው ሁሉ ከየመምህሩ ጋር አንድ አንድ ጊዜ ታክሲ ቢሳፈር ይበቃው ነበር።

ለካ እነሱም እኛን ሲያጠኑን ኖረዋል። ዲኑ ማን እንዳረፈደ ጀርባቸውን ሰጥተው ከበሩ ሲጢጥታ ይለያሉ። የኦሪቱ መምህር ወር መጨረሻ ላይ ከቤት ብር ያልተላከለትን ልጅ መርጠው «ዳቦ ግዛልኝ» ብለው ይልካሉ። ሲመለስ «ምነው ይህን ሁሉ! እኔ አንድ ይበቃኛል፤ ሌላውን ራስህ ጨርሰው» ብለው ይቆጡታል። ቁጣውን ለምደነው ነበር። ሁሌም አምስት ነው የሚያዙት።

ይህ ሁሉ የተገለጠልን የምረቃ ሰሞን ክሊራንስ ስናስፈርም ነው። ወረቀቱን ይዘህ የመምህራኑን በር ሁሉ ታንኳኳለህ፤ እያንዳንዱም ሲፈርም አንድ ቃል ጣል ያደርግብሃል። የስብከት ዘዴው መምህር ፈርመው «ነጥብህን ቀንስ» አሉኝ። የሥነ ምግባሩ መምህር ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ይሄ ኮፒ ነው፤ ዋናው የታል?» አሉ። ሬጅስትራሩ የሦስት ወር ክፍያዬን ከነቀኑ በቃላቸው ነገሩኝ። የግሪክኛው መምህር ምንም ሳይሉ ፈርመው እጄን ለረጅም ጊዜ ያዙት። ሌሎቹ ሁሉ ታዲያ «መቼ ነው የምታገባው?» ይላሉ፤ ከእሳቸው ሌላ ያልጠየቁኝ የምክር አገልግሎቷ መምህርት ብቻ ናቸው። መሪጌታ በግእዝ መርቀውኝ፣ ፊርማቸውን የገጹን እኩሌታ በሚያህል ፊደል አሰፈሩት።

የመጨረሻው ፊርማ የቤተ መጻሕፍቱ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ደግሞ የጸጋው መምህር ናቸው። ከፊቴ የተሰለፈው ያ ልጅ ነበር፤ የመምህራኑን ልጆች የደመረው። የቦንሆፈርን መጽሐፍ ወስዶ ከመንፈቅ በላይ አቆይቶታል። መምህሩ ካርዱን አውጥተው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ቀኑን በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ቅጣቱ ለምረቃ ፎቶ ያስቀመጠውን ብር የሚበላ ሆነ።

«መምህር» አለ ልጁ አንገቱን ደፍቶ፣ «እርስዎ ራስዎ ያስተማሩኝን ጸጋ ያድርጉልኝ።»

«ጸጋው በነፃ ነው» አሉ። «መጽሐፉ ግን የኮሌጁ ነው።»

ልጁ እየቆጠረ ከፈለ። ደረሰኙን ተቀብሎ፣ ፊርማውን አስፈርሞ ከጋራዡ ወጣ። በሩ ላይ ቆም ብሎ ወደኔ ዞረና፣ «አራት ዓመት ሙሉ ያልገባኝ ነገር፣ ጸጋ ርካሽ አይደለም ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ አሁን ገባኝ» አለኝ።

ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ ድምፅ መጣ።

«ይህንን ፈተናው ላይ ጽፈኸው ቢሆን ኖሮ ሲ አልሰጥህም ነበር!»